ፑዌርቶ፦ ወደብ ነው ወይስ የተራራ በር? (የስፓኒሽ ቃላት ጥያቄ)

ሰላም ከማድሪድ | ጥር 12፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ማድሪድ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምሠራው አንዲት አዛውንት ሴትዮ ቤት ነው፤ ቀን ቀን እሳቸውን እንከባከባለሁ፣ ማታ ማታ ደብተሬ ላይ ቃል እጽፋለሁ። በግራ ስፓኒሹን፣ በቀኝ አማርኛውን። «ፑዌርቶ» ከሚለው ቃል ትይዩ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ «ወደብ» የሚል ተጽፏል።

ባለፈው ቅዳሜ የሴትዮዋ ልጅ መጣና «ኤል ዶሚንጎ ሱቢሞስ አል ፑዌርቶ» አለኝ። እሑድ ወደ ወደብ እንሄዳለን ያለኝ መሰለኝ። ባሕር ካየሁ ስንት ጊዜዬ! ጠዋት ነጠላ ጫማዬን አደረግሁ፣ ፎጣ በፌስታል ያዝሁ፣ ሴትዮዋን ደግፌ መኪና ውስጥ ገባሁ። መኪናዋ ግን ከከተማው እንደወጣች ሽቅብ ሽቅቡን ተያያዘችው። መጀመሪያ ጥድ፣ ከዚያ ጉም፣ ከዚያ በረዶ መጣ። ስንቆም መንገድ ዳር ያለው ሰሌዳ «ፑዌርቶ ዴ ናቫሴራዳ» ይላል፤ ከሥሩ ከፍታው ተጽፏል፣ ከ1,850 ሜትር በላይ። ሕፃናት በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ። «ባሕሩ የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልሳቀብኝም፤ የልጁ ሚስት ከመኪናው ኋላ የልጆቿን ወፍራም ካልሲ አውጥታ እግሬ ላይ አጠለቀችልኝ። ያን ካልሲ አልረሳውም።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሬዲዮው በክረምት ጠዋት «ፑዌርቶስ ሴራዶስ» እያለ ሲዘረዝር እስከ ዛሬ መርከቦች የቆሙ ይመስለኝ ነበር። ለካ በበረዶ የተዘጉ የተራራ መንገዶች ናቸው። የባሰው ደግሞ «ባሃር ኤል ፑዌርቶ» ሲሉ ነው። «ባሃር» የሚለውን ቃል «ባሕር» ብዬ እሰማዋለሁ፤ እነሱ ግን «መውረድ» ማለታቸው ነው።

ጥያቄዬ፦ እነዚህ በአጋጣሚ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሁለት ቃላት ናቸው ወይስ አንድ ቃል ነው? አንድ ከሆነስ ባሕር ዳርና ተራራ ጫፍ ምን አገናኛቸው?

መዝገበ ቃል | ጥር 12፣ ከምሽቱ 4፡45

እኅቴ ሰላም፣ አይዞሽ። ይህ ቃል እኔንም ይዞኛል፤ ያውም በጽሑፍ። ከዓመታት በፊት አንድ የታሪክ ጽሑፍ ከስፓኒሽ ስተረጉም «የናፖሊዮን ሠራዊት የሶሞሲዬራን ወደብ ሰብሮ ወደ ማድሪድ ገሠገሠ» ብዬ ጻፍሁ። አራሚው ከዐረፍተ ነገሩ ሥር በቀይ እስክሪብቶ አሰመረና «በቡርጎስና በማድሪድ መካከል ምን ባሕር አለ?» ብሎ መለሰልኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ሶሞሲዬራ ከማድሪድ በስተ ሰሜን ያለ የተራራ መተላለፊያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1808 የፖላንድ ፈረሰኞች መድፍ እየተተኮሰባቸው ሽቅብ ጋልበው ያስለቀቁት።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አንድ ቃል ነው። ምንጩ የላቲኑ «ፖርቱስ» ነው። የዚህ ቃል እኅት ደግሞ «ፖርታ» ናት፤ ዛሬ በስፓኒሽ «ፑዌርታ» የምንላት፣ የቤት በር። የሁለቱም ሥር «ማለፍ፣ መሻገር» የሚል ሐሳብ ያዘለ ነው። ከጀርባው ያለው ሥዕል ይህ ነው፦ ፊት ለፊትሽ የማያሳልፍ ነገር ተጋርጧል፤ ግድግዳ፣ ተራራ ወይም ገደላማ ጠረፍ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቦታ ላይ ግን ክፍት አለ። ያ ክፍት ቤት ላይ ሲሆን ፖርታ፣ ተራራ ወይም ጠረፍ ላይ ሲሆን ፖርቱስ ተባለ። ሮማውያን ፖርቱኑስ የሚባል አምላክ ነበራቸው፤ የቁልፍ፣ የበርና የወደብ ጠባቂ። ለሦስቱም አንድ ጠባቂ መስጠታቸው እንዴት ያዩት እንደነበር ይነግረናል። ቤተ መቅደሱ ሮም ውስጥ ከቲቤር ወንዝ አጠገብ ዛሬም ቆሟል።

አሁን የምለውን በጽኑ አምናበታለሁ። እኛ ስፓኒሽን የምንማረው በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በኩል ስለሆነ እንግሊዝኛው «ፖርት» እና «ፓስ» ብሎ ሁለት ቦታ የከፈለውን ነገር ተከፍሎ እንቀበለዋለን። አማርኛ ግን አልከፈለውም። ጣርማ በር ስንል ምን ማለታችን ነው? ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር ስንልስ? የባሕር በር ስንልስ? «በር» የሚለው ቃላችን የቤቱንም፣ የተራራውንም፣ የባሕሩንም መተላለፊያ በአንድ ትንፋሽ ይይዛል። ስለዚህ እኅቴ፣ ደብተርሽ ላይ «ወደብ» የሚለውን አትሰርዢው፤ ከላዩ ግን «በር» ብለሽ ጻፊ። ቃሉ ከዚያ ይጀምራል።

ብስክሌተኛው | ጥር 12፣ ከሌሊቱ 5፡30

እኔ ይህን ቃል የተማርሁት ከብስክሌት ውድድር ነው። የስፔንን ዙር በስፓኒሽ ዘጋቢ የተከታተለ ሰው «ፑዌርቶ» ሲሰማ መርከብ ትዝ አይለውም። ዳገቶቹ በደረጃ ይመደባሉ፦ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ፣ ከዚያ በላይ «ልዩ»። ዘጋቢው «ኮሮናር ኤል ፑዌርቶ» ይላል፤ በቃል በቃል «በሩን ዘውድ መጫን» እንደማለት ነው፣ ጫፉ ላይ መድረስ። ጫፉ ካለፈ በኋላ ጋላቢዎቹ ለቁልቁለቱ ብርድ ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ውስጥ ሲወሽቁ ታያላችሁ። የበሩ ወዲህና ወዲያ አየሩ ይለያያልና።

አስቱሪያስ የሚባለውን አውራጃ ከካስቲያ ሜዳ የሚለየው የካንታብሪያ ተራራ ነው። የታወቀው መግቢያው ፓሃሬስ ይባላል፤ ከፍታው 1,378 ሜትር። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1884 ተራራውን ዞሮ ዞሮ ተሻገረ። ለፈጣኑ ባቡር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ተቆፍሮ የተከፈተው ደግሞ ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የአገሬው ሰው ግን ዛሬም «ፑዌርቶው ተዘጋ» ሲል ልቡ የሚሄደው ወደ ላይኛው መንገድ ነው።

ጥያቄ አለኝ | ጥር 13፣ ከጠዋቱ 2፡15

መዝገበ ቃል ወንድሜ፣ ጽሑፍህን በአክብሮት አነበብሁ፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ቸኩለሃል። «የባሕር በር» እና «ወደብ» በአማርኛ አንድ አይደሉም። ወደብ መርከብ የሚጠጋበት፣ ዕቃ የሚራገፍበት፣ ክሬን የቆመበት ቦታ ነው። የባሕር በር ግን አንድ አገር ከባሕር ጋር የሚገናኝበት መውጫ ነው። ወደብ ሊከራዩት ይችላሉ። የባሕር በር የሌለው አገር የሰው ወደብ ይጠቀማል ስንል ሁለቱን ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለይተን አስቀመጥናቸው ማለት ነው። «ፑዌርቶ»ን «በር» ብለን የምንተረጉም ከሆነ ቡዌኖስ አይሬስ ያለውን የመርከብ ማራገፊያ «የቡዌኖስ አይሬስ በር» ልንለው ነው? አንባቢ የከተማ ቅጥር መግቢያ ይመስለዋል።

ሌላው፣ የተራራውን በተመለከተ ትምህርት ቤት የተማርነው «የተራራ መተላለፊያ» የሚለውን ነው። ግልጽ ቃል እያለ ለምን ወደ አሻሚው እንሄዳለን?

መዝገበ ቃል | ጥር 13፣ ከቀኑ 6፡40

የመጀመሪያውን ትችትህን ተቀብያለሁ። ትክክል ነህ፤ የባሕር በርና ወደብን ማምታታት አልነበረብኝም። ስፓኒሽም ራሱ ይለያቸዋል። «የባሕር በር» ለምንለው «ሳሊዳ አል ማር» ይላሉ፣ ወደ ባሕር መውጫ። ይህን ሐረግ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የቦሊቪያ ሰው ነው። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1879 በተነሣው ጦርነት ጠረፏን በቺሊ ተነጠቀች፣ በ1904 ውሉ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 «የባሕር ቀን» ታከብራለች፤ የባሕር ኃይሏም ቲቲካካ ሐይቅ ላይ አለ። ጉዳዩን ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ወስዳው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም» የሚል ፍርድ ተሰጠ። እዚያ «ፑዌርቶ» አንድ ነገር፣ «ሳሊዳ» ሌላ ነገር ነው፤ አንተ እንዳልኸው።

በሁለተኛው ግን አልስማማም። «የተራራ መተላለፊያ» ካርታ ላይ ለማስተማር ይጠቅማል። ማንም ባላገር ግን «በመተላለፊያው አልፌ መጣሁ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? በቦታ ስም ላይ የተቀመጠው በር ነው። «ናቫሴራዳ በር» ብንል የትኛውም የሸዋ ሰው ሳይነገረው ተራራ ያያል። ለመርከቡ ወደብ እንበል፣ ለተራራው በር እንበል። እኔ የምለው ተማሪው ሁለቱን ሲያጠና ከሥር አንድ ሥዕል እንዲያይ ነው።

የመድረኩ አስተናባሪ | ጥር 13፣ ከቀኑ 7፡05

ውይይቱ ደስ ይላል። የባሕር በር ጉዳይ ሲነሣ ወደ ወቅታዊ ፖለቲካ እንዳንሄድ አደራ፤ ለዚያ ሌላ ክፍል አለ። እዚህ በቃሉ ላይ እንቆይ።

ኑር ከጅዳ | ጥር 13፣ ከምሽቱ 1፡30

አስሰላሙ ዐለይኩም ወገኖች። ስፓኒሽ አላውቅም፤ ክሩን የከፈትሁት «በር» የሚለውን አይቼ ነው። ዐረብኛ ውስጥ «ሠግር» የሚባል ቃል አለ። መነሻው ክፍተት ነው፤ አፍንና የፊት ጥርስንም ይሉበታል። ከዚያ ጠላት ሊገባበት የሚችል የድንበር ክፍተት ማለት ሆነ፣ ከዚያ የድንበር አገር፣ ከዚያም የወደብ ከተማ። እስክንድርያ በድሮ ጽሑፎች «ሠግር» እየተባለች ትጠራለች። ሙስሊሞች ስፔንን በያዙበት ዘመን የሰሜኑን ድንበር ግዛቶች የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነበር፤ ሳራጎሳ ያለችበት «ላይኛው ሠግር» ይባል ነበር። እንግዲህ በዚያው ምድር ላይ አንዱ ሕዝብ ፑዌርቶ ሲል ሌላው ሠግር ይላል፤ ሁለቱም ቃል ከክፍተት ተነሥቶ ወደብም ድንበርም ሆኗል።

እኛው አጠገብ ያለውን ደግሞ አትርሱት። ባብ ኤል መንደብ ማለት የእንባ በር፣ የለቅሶ በር ማለት ነው። ያ ደግሞ ወደብም ተራራም አይደለም፤ ሁለት ባሕር የሚገናኝበት ጠባብ ውኃ ነው። በር ግን በር ነው።

ቤቲ ከሂውስተን | ጥር 14፣ ከንጋቱ 12፡10

እናንተ የምታወሩት የስፔኑን ነው። እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ግማሹ ሠራተኛ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው፤ ትናንት በእረፍት ሰዓት ይህን ጥያቄ ይዤባቸው ገባሁ። «ፑዌርቶ ማለት ተራራ ላይ ያለ መተላለፊያ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» አልኋቸው። ፔሩዋዊቷ ነርስ ራሷን ነቀነቀች፤ በእነሱ አገር የአንዲስ መሻገሪያ «አብራ» ነው። አርጀንቲናዊው «ፓሶ» አለ፣ ትንሿን ደግሞ «ፖርቴሱዌሎ»። ይህችኛዋ «ትንሽ ፑዌርቶ» ማለት መሆኗን ራሱ ልብ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ሄደ። ከመሐላችን ወዲያው የገባው ሜክሲኮአዊው ብቻ ነው። የእናቱ አገር ጓናሁዋቶ ነው፤ ከባሕር የራቀ ደጋ። እዚያ «ፑዌርቶ ዴ ኒዬቶ» የሚባል መንደር አለ አለኝ፤ በዙሪያው ኮረብታ እንጂ ውኃ የለም።

ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ። በደቡብ አሜሪካ ፑዌርቶ የሚሉት ብዙ ቦታ ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ወንዝ ዳር ነው። በኮሎምቢያ ፑዌርቶ ቤሪዮ ማግዳሌና ወንዝ ላይ ነው። በፔሩ ፑዌርቶ ማልዶናዶ ጫካው መሐል፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የተወለድሁት በፑዌርቶ እንትን ነው» ሲላችሁ ስለ ባሕር ከመጠየቃችሁ በፊት አገሩን ጠይቁ። የቡዌኖስ አይሬስ ሰው «ፖርቴኞ» ነው፣ የወደብ ሰው። ፑዌርቶ ሪኮ ደግሞ መጀመሪያ የከተማይቱ ስም ነበረ፣ ደሴቷ ሳን ሁዋን ባውቲስታ ነበረች፤ ከጊዜ በኋላ ስማቸውን ተለዋወጡ፣ ዛሬ ከተማይቱ ሳን ሁዋን ናት።

የአሰብ መንገድ | ጥር 14፣ ከቀኑ 9፡50

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ልጄ ቫሌንሲያ ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጆቼ ከእናታቸው ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በስፓኒሽ ያወራሉ። ከእነሱ ጋር ለመጫወት ስል በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዣለሁ። ጽሑፋችሁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ቆየሁ።

ፊያት ከነተሳቢው ይዤ ከአሰብ ስነሣ በሌሊት ነው፤ ቀን የሚቻል ሙቀት አይደለም፣ መሪው ይፋጃል። በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርገን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ገና በሸሚዝ ነን። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እንገዛለን፣ ረዳቱ ጎማ ያያል፣ እኔ ካፖርቴን ከመቀመጫው ኋላ አወጣለሁ። ከደብረ ሲና በላይ በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥንም፤ ጉሙ ሲወርድ የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እንኳ አታይም። ከዚያ ጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ ነው፣ ጣርማ በር። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነው። በአንድ በኩል ጨለማው ውስጥ ትገባለህ፣ በሌላው በኩል ስትወጣ ሜዳው፣ ገብሱ፣ ብርዱ ይቀበልሃል። ከዚያ ወዲያ እስከ አዲስ አበባ የሚያስፈራ ነገር የለም። ሚስቴ «የት ደረስህ?» ብላ ስትጠይቅ «በሩን አልፌያለሁ» ካልኋት ወጥ ትሠራለች።

እንግዲህ አስቡት። ወደቡ ላይ የጫንሁትን ጭነት በበሩ አድርጌ ነው ያስገባሁት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ስንዴና ማዳበሪያ ከአሰብ በዚያ ዳገት ሲወጣ ኖሯል። ስፓኒሾቹ ለሁለቱም አንድ ስም ከሰጡ እኔ በአንድ ቃል ውስጥ ዕድሜዬን ስመላለስ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሰላም ከማድሪድ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ለሴትዮዋ በተሰባበረ ስፓኒሼ ተረጎምሁላቸው። እሳቸው የተወለዱት በሊዮን ተራሮች ነው፤ ዝም ብለው ሰሙኝና «አባቴም እንደዚያ ነበር፣ በጎች ይዞ ወደ ፑዌርቶ ይወጣ ነበር» አሉኝ። «ፑዌርቶውን ተሻግሮ የት ይሄዳል?» አልኋቸው። «የትም አይሄድም፣ እዚያው ፑዌርቶው ላይ ክረምቱን ያሳልፋል» አሉ። እንደገና ግራ ገባኝ። ክረምት ያልሁት የእኛን የሰኔና የሐምሌ ወቅት ነው፤ ለእነሱ በጋ ነው። በር ላይ ሦስት ወር እንዴት ይኖራል?

ሌላም ልጨምር፦ ከማድሪድ ወጣ ብሎ ኮስላዳ የሚባል ቦታ «ፑዌርቶ ሴኮ» የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ። ደረቅ በር?

መዝገበ ቃል | ጥር 14፣ ከምሽቱ 4፡15

ሴትዮዋ ትልቅ ነገር ሰጡሽ። በሊዮን ተራሮች «ፑዌርቶ» ማለት በተጨማሪ የተራራ ላይ ግጦሽ ነው። መሻገሪያው አካባቢ ያለው ከፍተኛ መስክ በበጋቸው ስለሚለመልም ስሙ ከመንገዱ ወደ ሣሩ ተሻገረ። ሜሪኖ የሚባሉት ባለ ጥሩ ፀጉር በጎች ብርዱን ኤክስትሬማዱራ ሜዳ ላይ ያሳልፉና ሙቀቱ ሲመጣ በሺህ እየሆኑ ወደ ሊዮን ተራሮች ይነዱ ነበር። የእረኞቹ ማኅበር ሜስታ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1273 ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ያጸኑት፣ በ1836 የፈረሰ። ለአምስት መቶ ዓመታት ከዚያ በላይ! መንጋው የሚያልፍባቸው የታወቁ ፑዌርቶዎች ላይ የንጉሡ ሰዎች ቆመው በጉን እየቆጠሩ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር። ልብ በይ፣ ቀረጥ የሚሰበሰበው ሰው ሌላ መንገድ በሌለው ቦታ ነው። እኛም ዘንድ ኬላ የሚቆመው በሩ ላይ ወይም የወንዙ መሻገሪያ ላይ ነበር። በቅሎ ጭኖ ተራራውን የሚዞር ነጋዴ የለም።

ፑዌርቶ ሴኮም ከዚህ የመጣ ነው። ዱሮ በካስቲያና በአራጎን ድንበር ላይ፣ በፖርቱጋልም በኩል፣ የየብስ ቀረጥ ጣቢያዎች ነበሩ፤ «ደረቅ ፑዌርቶዎች» ይባሉ ነበር። ባሕር የላቸውም፣ ግን እንደ ባሕር ወደብ ዕቃ ይፈተሽባቸዋል። በካስቲያና በአራጎን መካከል የነበሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀሩ። ስሙ ግን ኮንቴይነር ሲመጣ ተመልሶ ነቃ። የኮስላዳው ከባሕር ወደቦቹ በባቡር የሚመጣውን ኮንቴይነር የሚቀበል ነው፤ ሞጆ ያለው ደረቅ ወደባችን እንደሚሠራው ማለት ነው። እንግዲህ «ደረቅ ወደብ» የሚለው አማርኛችን እንግዳ ቃል ቢመስልም ከሥሩ የተራራ በር ላይ የቆመ ቀረጥ ተቀባይ አለ።

ጥያቄ አለኝ | ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3፡00

ጋሼ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ትናንት ያልሁትን ላሻሽል። ለተራራው «በር» ማለቱን ተቀብያለሁ፤ «መተላለፊያ» ካፖርት አውጥቶ አያውቅም። ወደቡን ግን ወደብ እንበል፤ ከዚያ አልወርድም።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ የሚረዳ ነገር ላካፍል። ስሙ ቢያሻማም ግሡ አያሻማም። ሰላም፣ የሴትዮዋ ልጅ «ሱቢሞስ» ብሎሽ ነበር፤ እንወጣለን። ሰው ወደ መርከብ ማራገፊያ «አይወጣም»። ሱቢር፣ ባሃር፣ ኮሮናር፣ ክሩሳር (መሻገር) ካሉ ተራራ ነው። መርከብ «አትራካ» ካለ፣ ማለት ከተጠጋ፣ ወይም «ሳርፖ» ካለ፣ ማለት መልሕቅ አንሥቶ ከሄደ፣ ባሕር ነው። «ሴራዶ» ብቻ ነው ለሁለቱም የሚሠራው፤ በረዶም ማዕበልም ይዘጋል። ያኔ ከጎኑ ያለውን ቃል ስሚ፦ «ካዴናስ» ካሉ ጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ነው፣ መንገድ ነው። «ኦሌአሄ» ካሉ ሞገድ ነው።

በስም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ፑዌርቶያኖ የሚባል ከተማ አለ፤ ስሙ በቃል በቃል «ሜዳማ በር» ነው። ዱሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ያለበት ከተማ እንጂ ባሕር የለውም። ወደ ሳንቲያጎ በእግራቸው የሚሄዱ ተሳላሚዎች የሚነሡበት የፈረንሳይ ከተማ ደግሞ በስፓኒሽ ሳን ሁዋን ፒዬ ዴ ፑዌርቶ ይባላል። የወደብ እግር ሳይሆን የበር ግርጌ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የፒሬኔን ተራሮች ተሻግረው ሮንሴስባየስ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ778 የፍራንኮቹን ንጉሥ የካርል ታላቁን የኋላ ደጀን ባስኮች የመቱበት በር ነው።

ኑር ከጅዳ | ጥር 15፣ ከቀኑ 8፡25

ስፓኒሽ አላውቅም ብዬ ነበር፤ አሁን አንድ ቃል አውቃለሁ። ሰላም እኅቴ፣ በክረምት ነጠላ ጫማ አታድርጊ።

ሰላም ከማድሪድ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡40

ደብተሬን አስተካክያለሁ። በግራ «ፑዌርቶ»። በቀኝ ከላይ «በር»፣ ከሥሩ «ወደብ (አሰብ፣ ቫሌንሲያ)»፣ ከዚያ «የተራራ በር (ጣርማ በር፣ ናቫሴራዳ)»፣ ከዚያ «የበጎች መስክ (የሴትዮዋ አባት)»። ለአንድ ቃል ግማሽ ገጽ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ፓሃሬስን ጠርቶ «ካዴናስ» ሲል ሳህን እያጠብሁ ነበር። ሴትዮዋ ከሳሎን «ምን አለ?» ሲሉኝ፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፣ «ፓሃሬስ ያለ ሰንሰለት አያሳልፍም» ብዬ በስፓኒሽ መለስሁላቸው። ወንድማቸው ዛሬ ከአስቱሪያስ፣ ከኦቪዬዶ ከተማ እንደሚመጣ ነግረውኝ ነበር። «እንግዲያው ለምሳ አይደርስም» አሉና ሥጋውን ወደ ማቀዝቀዣው እንድመልሰው ነገሩኝ።

የአሰብ መንገድ | ጥር 16፣ ከቀኑ 5፡10

ሰላም ልጄ፣ ጎበዝ።

ትናንት በስልክ ትንሹን የልጅ ልጄን አነጋገርሁት፤ ሰባት ዓመቱ ነው። «አባባ ፑዌርቶ አይቷል?» አለኝ፣ ቫሌንሲያ ወደቡ ቤታቸው አጠገብ ነውና። «ሁለት አይቻለሁ» አልሁትና ወረቀት ላይ ሥዬ ለእናቱ ላክሁላት። በአንድ በኩል አሰብ፣ መርከብና ክሬን። በሌላ በኩል ተራራ፣ ከመሐሉ የዋሻው አፍ፣ ከፊቱ የእኔ ፊያት። ልጁ ሥዕሉን አየና መርከቡ በዋሻው ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ጠየቀኝ። መርከቡ አያልፍም፣ መርከቡ ያመጣው ስንዴ ነው በእኔ መኪና ላይ ሆኖ የሚያልፈው አልሁት። ትንሽ አሰበና ከተሳቢው ላይ ጆንያ እንድጨምርበት አዘዘኝ። አሁን ጆንያውን እየሣልሁ ነው፤ በአንድ ተሳቢ ስንት ኩንታል እንደምጭን ስለጠየቀኝ ቁጥሩን ላሳንስበት አልፈለግሁም።